አልበላ ያለ ዓሣ መድኃኒቱን በምን በኩል ይውጠው?

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ሲሆን ጭብጡ ይህ ነው። ጠያቂው በ120 ሊትር የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከአዲስ አበባ ያስመጧቸው አራት ኤንጅልፊሾች (ለጌጥ በቤት የሚኖሩ ዓሦች) አሏቸው። ሁለቱ ደህና ይበላሉ። ሁለቱ ግን ደረቁን ምግብ አፋቸው ውስጥ አስገብተው መልሰው ይተፉታል፤ የሚቀበሉት ከሐይቅ ዳርቻ በጆግ ተቀድተው የሚመጡላቸውን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር እየጎተቱ ይታያሉ፤ አንደኛዋም ከስታለች። ጠያቂው ሜትሮኒዳዞል ለአንድ ቀን ውኃው ውስጥ ጨምረው ለውጥ ባለማየታቸው አንድ ወዳጃቸው የትል መድኃኒቱን አልቤንዳዞል፣ ሌላው ደግሞ ኮሶ እንዲሞክሩ መክረዋቸዋል። «የማይበላን ዓሣ የሆድ ጥገኛ እንዴት አድርጌ ላክም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እኔ በኮምቦልቻ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከቀኑ ሥራዬ አብዛኛው ከብትና በግ ቢሆንም፣ ዓሣ የሚያረቡና በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ሲቸገሩ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እኔም ገንዳ አለኝ። ስለዚህ መልሴ ከትምህርቱም ከራሴ ስህተትም የተገኘ ነው።

ከሁሉ በፊት ነጩ ክር ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ምልክት ባየ ጊዜ ወዲያው ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል። የዓሣ አንጀት ከውስጥ በልጋግ የተሸፈነ ነው። ዓሣው ሳይበላ ጥቂት ቀን ከሰነበተ የሚወጣው ነገር ምግብ የሌለበት ያው ልጋግ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በማይበላ ዓሣ ላይ የሚታይ ነጭ ክር ጥገኛ መኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም፤ አለመብላቱን ብቻ ሊሆን ይችላል የሚነግረን። ጥርጣሬው የሚጠነክረው ዓሣው እየበላም ነጩ ክር ሲቀጥል፣ ወይም እየበላ ሲከሳ ነው። የእርስዎ ሁለት ዓሦች የውኃ ነፍሳቱን እየለቀሙም ነጭ ስለሚጥሉና አንደኛዋ ከራሷ ኋላ ያለው ሥጋ ስለጎደለ፣ የጥገኛ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው እላለሁ። ሆኖም ይህን ከመወሰንዎ በፊት የውኃውን ሙቀት ይለኩ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ማሞቂያ የሌለው ወይም መብራት ሲጠፋ የሚቀዘቅዝ ገንዳ ሌሊቱን ከ20 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ኤንጅልፊሽ የምትፈልገው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በጣም ዝቅ ሲል ምግብ መፍጨቷም የመብላት ፍላጎቷም ይዳከማል። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጩት መርዞች፣ የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ካለዎት ሁለቱም ዜሮ መሆናቸውን ያረጋግጡ። መለኪያ ከሌለዎት ከውኃው አንድ አራተኛውን ለሦስት ተከታታይ ቀናት፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ሙሉ አየር እየተነፋበት በቆየ ውኃ ይተኩ። በዚህ ብቻ ወደ ምግብ የተመለሱ «በሽተኞች» አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። በጨው አልባ ውኃ የሚኖር ዓሣ ውኃ እምብዛም አይጠጣም። የደሙ ጨው ከዙሪያው ውኃ ስለሚበልጥ ውኃው በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካል) በኩል ሳይጠራ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ የዓሣው ጭንቀት የገባውን በብዙ ሽንት ማስወጣት እንጂ መጠጣት አይደለም። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ የበተንነው መድኃኒት እኛ እንደምናስበው በአፍ ገብቶ ትሉ ያለበት አንጀት ላይ አይደርስም። የሚደርሰው በስንጥብ ወይም በቆዳ ተመጥጦ ወደ ደም ሊገባ የሚችለው ዓይነት ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ከሰጠነው ጥቂቱ ነው። በዚህ ምክንያት የሆድ ጥገኛ በሚገባ የሚታከመው በምግብ ውስጥ በሚሰጥ መድኃኒት ነው። እርስዎ ደግሞ ያለዎት የማይበላ ዓሣ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ውኃው ውስጥ የሚጨምረውን መድኃኒት በእጥፍ ያሳድጋል፤ እኔ የምመክረው ግን ተቃራኒውን ነው። በውኃ የሚሰጠውን መድኃኒት ዓሣው አፉን እንዲከፍት ለማድረግ ብቻ እንጠቀምበት፤ ሕክምናውን በምግብ እንጨርሰው።

ከመድኃኒት አስቀድሞ ግን የጥገኛውን ዓይነት መለየት ያዋጣል፤ ይህም ከሚመስለው የቀለለ ነው። የኤንጅልፊሽ አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ሄክሳሚታ ወይም ስፓይሮኒዩክሊየስ የሚባሉት ጅራታም ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኞች ሲሆኑ፣ በሀገራችን ሕፃን አዋቂው ስሙን የሚያውቀው የጃርዲያ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ሜትሮኒዳዞል ለሁለቱም መድኃኒት የሆነው በዚህ ዝምድና ነው። ሁለተኛው ወገን ትሎች ናቸው፦ እንደ ፀጉር የቀጠነው ካፒላሪያ፣ ከፊንጢጣ ቀይ ጫፉን የሚያወጣው ካማላነስ፣ አልፎ አልፎም የኮሶ ትል ዓይነት ጠፍጣፋ ትል። ሜትሮኒዳዞል በትል ላይ አይሠራም፤ የትል መድኃኒትም ለሄክሳሚታ የሚመረጥ መድኃኒት አይደለም። ወዳጅዎ የመከሩዎት አልቤንዳዞልና እርስዎ የሰጡት ሜትሮኒዳዞል የማይተካኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው ማይክሮስኮፕ ብቻ ይጠይቃል። ሰው ላይ አሜባና ጃርዲያ የሚፈልግ ማንኛውም የላቦራቶሪ ባለሙያ ይህንን ሊያይልዎ ይችላል፤ ደሴ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስላለ ጠይቆ ማየት አይከፋም። ቁልፉ ዓይነ ምድሩ ትኩስ መሆኑ ነው። ጅራታሞቹ ከዓሣው ከወጡ በኋላ ቶሎ ይሞታሉ፤ ከገንዳው ወለል የተለቀመ የቆየ ቆሻሻ ላይ ደግሞ ከዓሣው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ነፃ ኗሪ ነፍሳትና ትሎች ይርመሰመሱና ያሳስታሉ። ስለዚህ ዓሣዋን ለብቻዋ በንጹሕ ዕቃ አቆይተው፣ ክሩ እንደወጣ በመምጠጫ ይውሰዱት፤ ከዚያው ውኃ ጠብታ ጋር መስታወት ላይ ያድርጉት፤ መጀመሪያ በ10፣ ቀጥሎም በ40 ማጉያ ይታይ። በፍጥነት ወዲያና ወዲህ የሚወረወሩ በጣም ጥቃቅን ነገሮች በብዛት ከታዩ ሄክሳሚታ ነው። በሁለቱም ጫፉ ክዳን ያለው በርሜል የመሰለ እንቁላል ከታየ ካፒላሪያ ነው። ካማላነስ ግን ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም፤ ዓሣዋ ጸጥ ብላ በቆመች ጊዜ ከፊንጢጣዋ ሁለት ሦስት ቀያይ ክሮች ብቅ ብለው በዓይን ይታያሉ።

የሐይቁ ነፍሳት ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በጆግ የሚቀዱት ጥቃቅን ነፍሳት ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከእነሱ መካከል ሳይክሎፕስ የሚባሉት ኮፔፖዶች የካማላነስንም የአንዳንድ ጠፍጣፋ ትሎችንም እጭ በሆዳቸው ተሸክመው የሚያስተላልፉ ናቸው። በጋምቤላ ሰው ላይ የጊኒ ትልን የሚያስተላልፈውም የዚሁ ወገን ነፍሳ ነው። ዓሣና ዓሣ በሊታ ወፍ ባለበት ሐይቅ ውስጥ የትል ዑደት ሳይቋረጥ ይዞራል፤ ቆሮሶና አምባዛ ስታርዱ ሆድ ዕቃው ላይ ተጠቅልሎ የምታገኙት ትል የዚሁ ዑደት አንድ ምዕራፍ ነው። ዓሣ ካለበት ውኃ የተቀዳ ሕያው ምግብ ለታመመ ዓሣ መስጠት በአንድ እጅ ማከም በሌላው መበከል ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ምትኩ አስቸጋሪ አይደለም። ባልዲ ውኃ ውስጥ ጥቂት የደረቀ ቅጠል አድርገው ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡ በቀናት ውስጥ የትንኝ እጭ ያገኛሉ፤ ዓሣ ነክቶት የማያውቅ ውኃ ስለሆነ የዓሣ ትል አይኖርበትም። እንደ ኮምቦልቻና ከሚሴ ባለ ሞቃታማ ቦታ የሚኖር አንባቢ ግን እጩን በየሁለት ቀኑ ሙልጭ አድርጎ ካላወጣው ለጎረቤቱ ወባ ማርባት ይሆንበታልና ይህንን ዘዴ ለደጋው ብቻ እተወዋለሁ።

ሕክምናው እንዲህ ይሂድ። በመጀመሪያ ሁለቱን ታማሚዎች ጠጠር በሌለው ሌላ ዕቃ ውስጥ ያግልሉ፤ አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል፤ ሳሙና የነካው ግን አይሁን። የውኃውን መጠን በግምት አይውሰዱ፤ በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቆጥረው ይሙሉ። ሁለት ጀሪካን 40 ሊትር ነው፤ ለ40 ሊትር ደግሞ የሚያስፈልገው በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ባለ 250 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል አንድ ፍሬ ነው። በሙቀጫ አልሞ በትንሽ ሞቅ ያለ ውኃ በጥብጦ መጨመር ነው። ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ወለሉ ላይ የሚቀረው ዱቄት አያስደንግጥዎ። በየሁለተኛው ቀን ከውኃው ግማሹን ቀይረው መድኃኒቱን ይድገሙት፤ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። ማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ መድኃኒቱን መጥጦ ስለሚያስቀር ይውጣ። እርስዎ በአንድ ቀን ለውጥ ያላዩት ምናልባት ከሰሉ ሳይወጣ ቀርቶ፣ ምናልባትም አንድ ቀን ስለማይበቃ ይሆናል። ሄክሳሚታ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዙር በኋላ ዓሣዋ ወደ ፊት መጥታ ምግብ መፈለግ ትጀምራለች። ሜትሮኒዳዞል በውኃ ውስጥም ተሰጥቶ ይህን ያህል ስለሚረዳ ነው በእሱ የምንጀምረው።

እዚህ ላይ ስለ ሙቀት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በውጭ ሀገር የተጻፉ ብዙ መመሪያዎች በሕክምናው ወቅት ውኃውን እስከ 32 ዲግሪና ከዚያም በላይ ማሞቅን ይመክራሉ። መመሪያዎቹ የተጻፉት ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፦ በ28 ዲግሪ ባሕር ዳርቻ ላይ በአንድ ሊትር 7.8 ሚሊ ግራም ገደማ የሚይዝ ውኃ ደሴ ላይ ከ6 ሚሊ ግራም በታች ይይዛል። ውኃው ሲሞቅ ይኸው ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት ግን ይጨምራል። እኔ ከዓመታት በፊት ይህን ሳላሰላ መጽሐፉ እንዳለ 33 ዲግሪ አድርጌ ተኛሁ፤ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ አየር መንፊያው ቆመ፣ ውኃው ግን ሙቀቱን ይዞ ቆየ። ጠዋት ከአምስቱ አንድ ዓሣ ብቻ ነበር የተረፈው፤ የገደልኳቸው እኔ እንጂ ሄክሳሚታ አልነበረም። ስለዚህ በወሎ ደጋ ከ28 ወይም 29 ዲግሪ አይለፉ። አየር መንፊያው ሌት ተቀን ይሥራ፤ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ መንፊያ ካገኙ ደግሞ ከማንኛውም መድኃኒት ቀድመው እሱን ይግዙ።

ዓሣዋ አፏን ከከፈተች በኋላ የሚመጣው ክፍል ትዕግሥት ይጠይቃል። ዓላማው ሕያው ምግብ ከመልመድ መድኃኒት ያለበትን ሊጥ ወደ መቀበል በደረጃ ማሸጋገር ነው። ሳፋውን በሦስት ጎኑ በጨርቅ ይሸፍኑላት፤ የሚንቀሳቀስ ሰው የምታይ ዓሣ አትበላም። ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል፣ አመሻሽ ላይ ይስጧት። በመጀመሪያ ሕያው የትንኝ እጭ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በፈላ ውኃ የሞተ እጭ፣ ቀጥሎም ከሞተው እጭ ጋር የተደባለቀ የሊጥ ፍርፋሪ ይስጧት። ደህና ከሚበሉት ሁለት ዓሦች አንዱን አብሮ ማስገባት ይረዳል፤ ኤንጅልፊሽ ሌላው ሲሻማ ባየች ጊዜ የናቀችውንም ትሻማለች። አራቱም በአንድ ገንዳ ስለኖሩ ደህናዎቹም መታከማቸው ስለማይቀር በዚህ የሚጎዳ የለም። ያልተበላውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያውጡት። አንድ ቀን ብታልፍ አይጨነቁ፤ ሙሉ ሥጋ ያላት ጎልማሳ ዓሣ ከሳምንት በላይ ሳትበላ ትቆያለች። የከሳችዋ ግን ይህን ያህል ጊዜ የላትምና በእሷ ላይ ፈጠን ይበሉ።

ሊጡን እኔ የምሠራው ከበሬ ልብ ነው። ስቡና ጅማቱ ተለቅሞ ከወጣ በኋላ ቀዩ ሥጋ ደቅቆ ይፈጫል፤ ትንሽ የተቀቀለ ጎመንና አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፤ በጄላቲን ይያያዛል፤ ጄላቲን ከሌለ የእንቁላል ነጭ ጨምሮ በእንፋሎት ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ነጭ ሽንኩርቱን የምጨምረው ሽታው ብዙ ዓሣ ስለሚስብና የመድኃኒቱን ጣዕም ስለሚሸፍን ነው፤ ትል ይገድላል ብዬ አላምንም፤ እንዲገድልም አልጠብቅበትም። መድኃኒቱ የሚገባው ሊጡ በእጅ ሊነካ እስኪቻል ከበረደ በኋላ ነው። ለሄክሳሚታ መጠኑ በ1 ግራም ምግብ 10 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል ስለሆነ አንድ ባለ 250 ሚሊ ግራም ፍሬ ለ25 ግራም ሊጥ ይበቃል፤ ለአምስት ተከታታይ ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሜትሮኒዳዞል መራራ መሆኑን የዋጠው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዓሣዋ ከተፋችው መጠኑን ሳይቀንሱ ፍርፋሪውን ያሳንሱላት፣ ሽንኩርቱንም ትንሽ ይጨምሩ። ሜትሮኒዳዞል ከጠፋ ኢፕሶም ጨው የሚባለውን ማግኒዥየም ሰልፌት ከምግቡ 3 በመቶ አድርጎ መስጠትም ለሄክሳሚታ የሚሠራበት አማራጭ ነው።

ካፒላሪያ ከተገኘ ግን የምመርጠው ፌንቤንዳዞል ነው። በእንስሳት መድኃኒት መደብር ለበግና ለፍየል ይሸጣል። መጠኑ ከምግቡ 0.25 በመቶ ሲሆን ባለ 250 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ለ100 ግራም ሊጥ ማለት ነው። ለሦስት ቀን ተሰጥቶ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። ድግግሞሹ የሚያስፈልገው እንቁላሎቹ ገንዳው ወለል ላይ ወድቀው ስለሚቆዩና ዓሣዋ መልሳ ስለምትለቅማቸው ነው። ስለዚህ በሕክምናው ቀናት ወለሉን በየዕለቱ በቱቦ መምጠጥ መድኃኒቱን ከመስጠት አያንስም። ቱቦውን በአፍዎ ስበው አያስጀምሩት፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ። ፌንቤንዳዞል ውኃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ገንዳ ውስጥ መበተኑ ብዙም ጥቅም የለውም፤ ቀንድ አውጣ ካለዎት ግን ሊገድልብዎ ይችላል። አርቴሚያ (ለዓሣ መኖ የሚሆን ጥቃቅን የጨው ውኃ ነፍሳ) ማግኘት የሚችል ሰው ደግሞ የአደገውን አርቴሚያ ፌንቤንዳዞል በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ አቆይቶ፣ ዱቄቱን በሆዱ ሞልቶ ሲወጣ ለዓሣው ቢሰጥ ሕያው ብቻ ለሚበላ ዓሣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ቀዩ ትል ካማላነስ ከሆነ ሁኔታው ይለያል፤ ሌቫሚሶል በውኃ ውስጥ ተሰጥቶም ወደ ዓሣው ሰውነት በደንብ ስለሚገባ ለማይበላ ዓሣ የተመቸ ነው። በ1 ሊትር 2 ሚሊ ግራም ተደርጎ ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ውኃው በብዛት ይቀየራል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። መድኃኒቱ ትሉን ሽባ አድርጎ ከአንጀቱ ያስለቅቀዋል እንጂ ወዲያው ላይገድለው ይችላል፤ ስለዚህ የወደቀውን በቶሎ መጥጦ ማውጣት ግድ ነው። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ባለ 600 ሚሊ ግራሙ ቴትራሚሶል ነው፤ ከእሱ ውስጥ ሌቫሚሶል የሆነው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን በእኩል መጠን መተካካት ስሌቱን ያፈርሰዋል። ሌቫሚሶል ከሌላ የትል መድኃኒት ጋር ተደባልቆ የሚሸጥበትም አለ፤ ማሸጊያው ላይ ሁለት ስም ካነበቡ አይግዙት።

ለጠፍጣፋ ትል ቢልሃርዝያ የሚታከምበት ፕራዚኳንቴል አለ፤ በ1 ሊትር 2 ሚሊ ግራም ለ24 ሰዓት ነው። አንዱ ፍሬ 600 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለ40 ሊትር የሚያስፈልገው ከአንድ ሰባተኛው ያነሰ ነው፤ በዓይን አይከፈልም፤ የወርቅ ሠሪዎችን ሚዛን ይዋሱ።

የአልቤንዳዞሉን ምክር አልደግፈውም፤ ለዓሣ ፌንቤንዳዞልን ያህል የተፈተነ መጠን ስለሌለው፣ የተሻለው ባጠገባችን ሳለ በእሱ የምንሞክርበት ምክንያት የለም። በየገበሬው እጅ የሚገኘውን አይቨርሜክቲን ግን በጭራሽ እንዳይሞክሩት፤ ለዓሣ በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው።

ስለ ኮሶ ለተጠየቀው፣ ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጥሬ ሥጋ በሚወድ ሀገር ኮሶ ለዘመናት የትል መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል፤ ለሰውም ቢሆን መጠኑ ካለፈ የሚጎዳ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ዓሣ ግን እንደኛ መርዙን በጉበት በኩል አሳልፎ ብቻ የሚቀበል ፍጡር አይደለም፤ ውኃው ውስጥ ያለው ሁሉ በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ደሙ ጋር ይገናኛል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣው ሰክሮ የሚንሳፈፈው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣው ሞቶ ያዩት በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው፤ እንዶዱ ዓሣንም አይምርም። ለሰው ሆድ ደግ የሆነ ቅጠልና ፍሬ ሁሉ ለዓሣ ስንጥብ ደግ ነው ማለት አይደለም። ኮሶውን ለዓሣ የሚሆን መጠን የለውምና ይተዉት።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው ዓሣዋ መክሳቷን ከቀጠለች፣ በተለይም ጀርባዋ እየጎበጠ ከሄደ ወይም ቁስል ከታየባት፣ ጉዳዩ ከጥገኛ አልፎ የዓሣ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በትል መድኃኒት አይመለስም፤ በእጅ ላይ ባለ ጭረት ገብቶ የሰውን ቆዳም ያቆስላል። ቱቦ በአፍ አትሳቡ ያልኩት፣ ቁስል ያለበት እጅ ያለ ጓንት ገንዳ ውስጥ እንዳይገባ የምለውም በዚህ ነው። የሚያሳዝን ቢሆንም እንዲህ ያለችውን ዓሣ ከሌሎቹ ለይቶ ማቆየት፣ ካልተሻላትም ያለ ሥቃይ ማሰናበት ይሻላል። በቱቦ በቀጥታ ወደ ሆድ መድኃኒት ማስገባት የሚባል ዘዴም አለ፤ ዓሣውን ማደንዘዝ ስለሚጠይቅና ትንሽ ስህተት ጉሮሮውን ስለሚቀድ በቤት ውስጥ አይሞከር፤ ትልቅ ዓሣ ከሆነ ወደ ሐኪም ይምጣ።

በመጨረሻ ስለ ትልቁ ገንዳ። ሁለቱ ደህና የሚመስሉት ዓሦችም ያንኑ መድኃኒት በሊጥ ይውሰዱ፤ የሚበሉ ስለሆኑ ለእነሱ ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፤ ውኃው ውስጥ መበተን አያስፈልግም። ታማሚዎቹ ወደ ገንዳው የሚመለሱት ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ደረቅ ምግብ በፈቃዳቸው በልተው፣ ዓይነ ምድራቸውም የምግቡን ቀለም ይዞ ሲወጣ ካዩ ነው። የሳፋውን የመድኃኒት ውኃ ወደ ቦርከና በሚወርድ ቦይ አይድፉት፤ ከወንዝ በራቀ አፈር ላይ ወይም መፀዳጃ ቤት ውስጥ ያፍስሱት። ማይክሮስኮፑ ላይ ምን እንደታየ ከጻፉልኝ ከላይ ከዘረዘርኳቸው የትኛውን እንደሚቀጥሉ ለእርስዎ ገንዳ መጠን አስልቼ እመልስልዎታለሁ።